‹‹ይሻላል›› ያለው ‹‹ወዮልሽ›› ሆነበት!

ዛሬ የፍቅርን ጣጣ ትተን የእንግሊዝኛን ጣጣ እናንሳ። ነገሩ ዘመድ ከዘመድ ያኳረፈ ነውና ‹‹ሰዋስው ነው›› ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት!

ጉዳዩን ያጫወተኝ ሐሙሲት፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ወረታ ሳይደረስ ባለችው ከተማ፣ የሚኖር ወጣት ነው። አሜሪካ ተወልዳ ያደገች የአክስት ልጅ አለችው። አማርኛ አትችልም። አያታቸው ታመው ‹‹ዓይኗን ሳላይ!›› እያሉ ነው። ልጅቷ ‹‹መቼ ብመጣ ይሻላል?›› ብላ በስልክ ትጽፍለታለች። ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። እሱም ‹‹ከዚያ በፊት ብትመጪ ይሻላል›› ለማለት ‹‹ዩ ሃድ ቤተር ከም ቢፎር ጁላይ፤ ዩ መስት ሲ ሃር›› አላት። በቃ! ‹‹ታስፈራራኛለህ እንዴ?›› ብላ ዘጋችው።

እኔ የቋንቋ ምሁር አይደለሁም፤ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ በብዕሬ የማድር ሰው ነኝ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ‹‹ቤተር›› ማለት ‹‹የተሻለ›› ስለሆነ ‹‹ሃድ ቤተር›› የእኛን ‹‹ይሻላል›› ይመስላል። አይደለም! ውስጡ ‹‹እምቢ ብትይ ወዮልሽ›› የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። ‹‹ጉማራ ሞልቷል፣ ባትሻገር ይሻልሃል›› ለማለት ልክ ነው፤ እንግዳ ለመጥራት ግን አይሆንም።

‹‹አለብሽ››ም ጣጣ አለው። እኛ በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነሱ ይከፍሉታል። ግዴታ ሲሆን ‹‹መስት››፣ ምክር ሲሆን ‹‹ሹድ››። እርግጥ ወዳጅ ለወዳጁ ‹‹ይህቺን ሳትቀምስማ!›› ሲል ‹‹መስት››ን በሞቅታ ይላታል። ከማስጠንቀቂያ ቀጥላ ስትመጣ ግን ትዕዛዝ ትሆናለች።

ሌላም አለ። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እያልን አክብሮቱን እዚያው እንጨርሳለን። እነሱ ለሁሉም ‹‹ዩ›› ናቸው። ስለዚህ ትሕትናቸውን የሚሸከሙት እነዚህ ትንንሽ ቃላት ናቸው። ከ‹‹ሹድ›› ለስለስ ያለ ከፈለጋችሁ ‹‹ኩድ›› አለ፤ ‹‹ዩ ኩድ ከም ኢን ጁን›› ማለት ‹‹በጁን ብትመጪስ?›› እንደማለት ነው። አብሮ ለመሄድ ደግሞ ‹‹ሻል ዊ ጎ?›› ማለት ‹‹እንሂድ?›› ነው።

‹‹የለብሽም›› ከሁሉም የባሰ ነው! ‹‹ስጦታ ማምጣት የለብሽም›› ስንል ‹‹ግድ የለሽም›› ማለታችን ከሆነ ‹‹ዶንት ሃቭ ቱ›› ነው የሚባለው። ‹‹መስት ኖት›› ካላችሁ ግን ክልክል ነው አላችሁ ማለት ነው። እንግዲህ የአክስት ልጅ ሻንጣዋን በር ላይ ጥላ ትግባ?

እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ያደረገው የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ነው። ያም ሆኖ ‹‹ሹድ ቱ ከም›› የሚል አሁንም ሞልቷል። ከ‹‹ሹድ››፣ ከ‹‹መስት›› እና ከ‹‹ኩድ›› ቀጥሎ ‹‹ቱ›› አይገባም፤ ‹‹ቱ›› የምታስከትለው ‹‹ኦት›› ናት። ‹‹ሺ ሹድ ከምስ››ም አይባልም፤ ግሡ ሳይነካ እንዳለ ይቀመጣል።

ለሐሙሲቱ ወንድሜ የምለው ይህንን ነው፦ ዛሬውኑ ጻፍላት! መጀመሪያ ‹‹ማስፈራራቴ አልነበረም፣ ቃሉ ነው ያሳሳተኝ›› በላት። ከዚያ ‹‹አይ ቲንክ ዩ ሹድ ከም ቢፎር ጁላይ›› በል። ‹‹አይ ቲንክ›› የእኛ ‹‹እንደኔ እንደኔ›› ናት፤ ምክሩን ታለዝበዋለች። ‹‹አያታችን ሊያዩሽ ናፍቀዋል›› ብለህም ምክንያቱን ጨምርበት። ምክንያት የሌለው ምክር በየትኛውም ቋንቋ ትዕዛዝ ይመስላል።

እናንተም ብትሆኑ ከውጭ ዘመድ ጋር ስትጻጻፉ ‹‹ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል›› የሚለውን አትርሱ። ‹‹ሹድ ሃቭ ከም›› የሚባል አነጋገርም አለ፤ ‹‹መምጣት ነበረብሽ›› ማለት ነው። እሱ የሚባለው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። እዚያ ሳይደረስ በጊዜው ‹‹ሹድ›› ማለት ይበጃል።