ግንቡ ስንት ነው?

ሰሞኑን ማታ ስልኬን ሳገላብጥ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። የሚሸጥ ግንብ! ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ፣ ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ ያለው፣ ዙሪያውን የታጠረ የድሮ መኳንንት ቤት። ዋጋውን ወደ ብር ቀይሬ ሳሰላው ደነገጥኩ። ያስደነገጠኝ ግን ውድነቱ አይደለም፤ ቦሌ ላይ ለአንድ ጥሩ ቪላ ከሚጠራው ዋጋ ብዙም አለመራቁ ነው።

ወዲያው የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። «ዕቁብ እንጣልና እንግዛው!» አለ የአጎቴ ልጅ። እህቱ ደግሞ «ማማው የኔ ነው» ብላ ቦታ ያዘች። ሳቅን። ከዚያ እንጅባራ ያለው ወንድም ጋሼ ሳቃችንን ያቆመ መልእክት ላከ። «ስለ ግንብ ካወራችሁ አይቀር፣ የአያታችንን ቤት ድንጋይ የሚገዛ ሰው መጥቷል። በሲኖ ጭኖ ይወስዳል። ምን ልበለው?»

ልብ በሉ፤ ሰውየው ቤቱን አልፈለገም። ድንጋዩን ነው።

የአያቴ ቤት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ነው ያለው። ግድግዳው ወፍራም ጥቁር ድንጋይ ነው፣ አጥሩም ድንጋይ። የእንጅባራን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። እኛ ግን ከዚያ ግድግዳ ጀርባ እሳት ከበን ስንቀመጥ ዝናቡን በጆሯችን ብቻ ነበር የምናውቀው። አያቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ተዘጋ። ቆርቆሮው ዛገ፣ ማፍሰስ ጀመረ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ወደ ፈረንሳዩ ማስታወቂያ ተመለስኩና ታች ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጣሪያው ይጠገናል፣ የበሰበሰው እንጨት ይለወጣል፤ በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይነካም። ጣሊያን ውስጥ በ1 ዩሮ ይሸጣሉ እየተባለ የሚወራላቸው የገጠር ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። ገዢው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማደስ ውል ይገባል። ርካሹ ቤቱ ነው፤ ውዱ ጣሪያው።

እኛስ ጋ? ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ እንፍራንዝ አጠገብ ጉዛራ ግንብ አለ። ከአፄ ሠርፀ ድንግል ስም ጋር የሚያያዝ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ክብ ማማዎች ያሉት ነው። በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጉዛራም አብሮ ገብቷል። ይህን ማንም ማስታወቂያ ላይ አያወጣውም። የመኳንንቱ ቤቶችም ቢሆኑ ብዙዎቹ በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከባለቤቶቻቸው እጅ ወጥተዋል። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው። ሙዚየም የመሆን ዕድል ያልገጠማቸው ግን ብዙ ናቸው።

ሕጉንም አየሁት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤት ግን የራሱ ነው። የቅርስ አዋጁ 209/1992ም ቅርስን ግለሰብ ሊይዘው እንደሚችል ይናገራል፤ ከዚያ ግን የመጠበቁን ግዴታ ባለቤቱ ላይ ይጥላል። የአያቴ ቤት በማንም መዝገብ ላይ የለም። ግዴታውን የሚጥልብን እኛው ብቻ ነን።

ግሩፑ ላይ ክርክሩ ጦፈ። የአጎቴ ልጅ «ሰው ለማይኖርበት ቤት ብር ማፍሰስ ምንድነው? ዝናብ ከሚበላው እኛ እንብላው» አለ። «የአባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። ግን እውነቱን ለመናገር ልጁ አልተሳሳተም። ባዶ ቤት በራሱ ጊዜ ይፈርሳል። ጉዛራን የሚያህል ግንብ እንኳ ጠጋኝ ይፈልጋል። እኛ ሰባት ቤት አገው ስንል የምንቆጥረው ግድግዳ አይደለም፤ ሰው ነው፣ ትውልድ ነው። ሰው የሌለበት ድንጋይ ለሲኖው ጭነት ብቻ ነው።

ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ወንድም ጋሼን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። «እዚያ አካባቢ ቤት ያጣ ሰው የለም?» አለ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚያስተምር አንድ ወጣት ኪራይ ከከተማ ተከራይቶ በየቀኑ ይመላለሳል። ጣሪያው ከተሠራ ሊገባበት፣ ግቢውንም ሊጠብቅ ይችላል።

«እና ለድንጋዩ ሰውዬ ምን ልበለው?» አለኝ።

«አይሸጥም በለው። ይልቅ አንድ ነገር ጠይቅልኝ።»

«ምን?»

«ቆርቆሮ ስንት ገባ?»

ማስታወቂያውን ከስልኬ አጠፋሁት። የአጎቴ ልጅ እስካሁን ዕቁቡን አልረሳም፤ የመጀመሪያውን ዕጣ ለቆርቆሮው እናድርገው ብያለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።