ተመራጩ ከምርጫ በፊት ምን አለ? ከምርጫ በኋላስ ምን ሠራ?

አብርሃም ሊንከን ሲባል በአሳባችሁ የሚመጣው ጢማሙ ፕሬዚዳንት መሆኑ አይጠረጠርም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ጢም ስላልነበረው ሊንከን ነው፤ ይኸውም ገና በ27 ዓመቱ የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል ሳለ፣ እንደገና ለመመረጥ ስለ ተወዳደረው ወጣት ነው።

ሊንከን በመጀመሪያ የተወዳደረው በ1832 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ ከ13 ዕጩዎች 8ኛ ወጥቶ ወደቀ። ሆኖም በሚኖርበት በኒው ሴሌም ከ300 ያህል መራጮች 277ቱ ድምፃቸውን ሰጥተውት ነበርና ተስፋ አልቈረጠም። በ1834 ተመረጠ። የእንደራሴነቱ ዘመን ሁለት ዓመት ብቻ ስለ ሆነ፣ በ1836 እንደገና ከሕዝብ ፊት መቅረብ ግድ ሆነበት።

በዚያ ዘመን በኢሊኖይ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር አልነበረም፤ መራጩ ቀርቦ የሚፈልገውን ሰው ስም በአፉ ይናገር ነበር። መራጩ አሳቡን በአደባባይ ከገለጠ፣ ዕጩውም አሳቡን ሊሰውር አይገባም። ስለዚህ «ብዙ መራጮች» የሚል ፊርማ ያለበት ጽሑፍ በ«ሳንጋሞ ጆርናል» ጋዜጣ ወጥቶ፣ ዕጩዎች ሁሉ አቋማቸውን እንዲገልጡ ጠየቀ። ሊንከንም ጁን 13 ቀን 1836 በተጻፈ አጭር ደብዳቤ መልስ ሰጠ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንዲህ ነበር።

አንደኛ፤ የመንግሥትን ሸክም የሚሸከም ሰው ከመንግሥት መብትም ይካፈል፤ ግብር የሚከፍሉ ወይም የጦር መሣሪያ የሚይዙ ነጮች ሁሉ ይምረጡ፤ ሴቶችም አይከልከሉ አለ።

ሁለተኛ፤ ቢመረጥ የደገፉትንም የተቃወሙትንም የሳንጋሞን ሰዎች በሙሉ እንደ መራጮቹ እንደሚቈጥር፣ ፈቃዳቸውን ባወቀበት ነገር እንደ ፈቃዳቸው፣ ባላወቀበት ግን ይጠቅማቸዋል ብሎ እንዳመነው እንደሚሠራ ገለጠ።

ሦስተኛ፤ የአገሪቱ የመንግሥት መሬት ሲሸጥ የሚገኘው ገንዘብ ለየግዛቶቹ ይከፋፈል፤ ኢሊኖይም ሳትበደርና ወለድ ሳትከፍል ቦይ ትቈፍር፣ የባቡር ሐዲድም ትዘርጋ አለ።

በመጨረሻም ለፕሬዚዳንትነት ሂው ዋይትን እንደሚመርጥ ሳይሸሽግ ተናገረ።

ስለ ሴቶች የጻፈው ቃል ለዘመኑ እንግዳ ነበር፤ የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥቱ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ነውና። ነገር ግን «ነጮች» የሚለውን ቃልም ልብ በሉ። ጥቁሩ ግብር ቢከፍልም ከደብዳቤው ውጭ ቀርቷል።

ሊንከን በአውራጃው አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ከሳንጋሞን የተላኩት ሰባት እንደራሴዎችና ሁለት የላይኛው ምክር ቤት አባሎች ቁመተ ረጃጅም ስለ ነበሩ «ረጃጅሞቹ ዘጠኝ» ተባሉ። እነዚህ ሰዎች በ1837 የግዛቲቱ ዋና ከተማ ከቫንዴሊያ ወደ አውራጃቸው ወደ ስፕሪንግፊልድ እንዲዛወር አስወሰኑ። መራጮቻቸውም ደስ አላቸው።

ስለ ብድር የተጻፈውስ ወዴት ደረሰ? በዚያው በ1837 ምክር ቤቱ ለባቡር ሐዲድና ለመንገድ ሥራ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያስወጣ ሕግ አወጣ። ገንዘቡ የሚገኘው በብድር ነበር፤ ሊንከንም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበረ። ብዙ ሳይቈይ አገሪቱን ታላቅ የገንዘብ ችግር ያዛት፤ ሥራውም ቆመ። ከታቀዱት የባቡር መንገዶች እስከ ስፕሪንግፊልድ የደረሰ አንድ አጭር ሐዲድ ብቻ ተፈጸመ፤ እርሱም በ1847 በ21,100 ዶላር ተሸጠ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ኢሊኖይ የዕዳዋን ወለድ እንኳ መክፈል ተሳናት። ያለ ብድር ሊሠራ የታሰበው ልማት በዕዳ ተጀምሮ ዕዳ ብቻ ትቶ አለፈ።

በደብዳቤው ያልተጻፈ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በ1837 መጀመሪያ ምክር ቤቱ የባርነት ተቃዋሚዎችን ማኅበሮች የሚነቅፍ ውሳኔ በ77 ድምፅ ሲያሳልፍ፣ የተቃወሙት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከስድስቱ አንዱ ሊንከን ነው። ማርች 3 ቀንም ከዳን ስቶን ጋር ሆኖ ባርነት በግፍና በመጥፎ አስተዳደር ላይ የቆመ መሆኑን በጽሑፍ አስመዘገበ። እርግጥ ነው፣ የተቃዋሚዎቹ ስብከት ክፉውን ያብሰዋል እንጂ አያቃልለውም የሚል ቃል ጨምሮበታል። ቢሆንም ማንም መራጭ ይህን አድርግልን አላለውም፤ ድምፅ የሚያስገኝለትም ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ያ አጭር ደብዳቤ የሊንከንን ትልቁን ስሕተትም ትልቁን ድፍረትም አላሳየም። ታዲያ ከንቱ ነበርን? አይደለም! ደብዳቤው ባይታተም ኖሮ፣ ከቃሉ የት እንደ ራቀ ዛሬ ልንለካው ባልቻልን ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው፤ በጋዜጣ የታተመ ቃል ወደ ተናጋሪው ኪስ አይመለስም።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፤ ምርጫ ሲደርስ ዕጩውን ሦስት ነገር ጠይቁት። ለምትሠራው ሥራ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ድምፅ ያልሰጠህን ሰው ምን ታደርገዋለህ? ብዙዎቹ በአንድ ወገን ሲቆሙ ብቻህን መቆም ትችላለህን? የሰጣችሁን መልስ ጻፉት፤ ወረቀቱንም ደብቃችሁ አኑሩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ያስፈልጋችኋልና።