አንድ ሣጥን፣ ሁለት እንሽላሊት

ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው የጠየቀን ስጦታ ብስክሌትም ስልክም አልነበረም። «ቢርድድ ድራገን ግዙልኝ» አለን። እኔና አባቱ ተያየን። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምንኖርበት አፓርታማ ውሻ አይፈቅድም፤ ድመት ደግሞ እኔን ያስነጥሰኛል። በልጁ የትምህርት ክፍል ውስጥ ግን ተማሪዎቹ በየተራ ጎመን የሚያጎርሷት አንዲት ጺማም እንሽላሊት ነበረች። እሷን ካየ ወዲህ ቤታችን ሌላ ወሬ ጠፋ።

ከአንድ የቤት እንስሳት መሸጫ ስንሄድ አንድ ሣጥን ውስጥ ከአስር የሚበልጡ ግልገሎች ተደራርበው ተኝተዋል። ሻጩ «አንድ ብቻ ከሆነ ይከፋዋል፤ ሁለት ውሰዱ» አለን። ነገሩ ልባችንን ነካው። እኛ እንኳንስ ብቻውን የሚኖር፣ ብቻውን ማዕድ የሚቀርብ ሰው ስናይ ሆዳችን ይባባል። ሁለት ገዛን። 75 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ሣጥንም ጨመርን።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይሉ ነበር። ትልቁ ከትንሹ ጀርባ ላይ ወጥቶ አብረው መብራት ይሞቃሉ። እኔም ፎቶ እያነሳሁ አዲስ አበባ ላሉ እህቶቼ «ሲዋደዱ እዩልኝ» እያልኩ እልክ ነበር። ትንሹ አልፎ አልፎ የፊት እግሩን አንስቶ ቀስ ብሎ ሲያወዛውዝ ልጄ «ቻው እያለኝ ነው!» ብሎ በደስታ ይጮሃል።

ነገሩን መጀመሪያ የነቃችበት እኔም አይደለሁም፣ ልጄም አይደለም። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶሮ ያረቡ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ቡናቸውን ይዘው ሣጥኑ ፊት ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ይሄኛው ያንን እያስራበው ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ እየተጫወቱ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ምን ጨዋታ አለ! ደካማ ጫጩት እንዲህ ነው የሚሆነው። ጥግ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። መዝኚያቸው እስቲ።»

በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኳቸው። በአንድ ቀን የተገዙት እንሽላሊቶች አንዱ 112 ግራም፣ ሌላው 41 ግራም ሆኑ። ትንሹን ገልብጬ ሳየው የኋላ እግሩ አንድ ጣት የለም፤ የጅራቱም ጫፍ ተቆርጧል። ለተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ዘንድ ስንወስደው መንጋጋው መለስለስ መጀመሩን ነገሩን፤ ካልሲየም አጥቶ አጥንቱ እየተጎዳ ነበር። የሕክምናው ሂሳብ የሁለቱን እንሽላሊቶች ዋጋ እጥፍ አድርጎ ያልፋል።

የሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሣጥን አላችሁ?» የሚል ነበር።

ፍቅር የመሰለን ነገር

ቢርድድ ድራገን በመካከለኛውና በምሥራቃዊው የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር የሚኖር እንሽላሊት ነው። አውስትራሊያ የዱር እንስሶቿን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ከከለከለች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ስለሆናት፣ ዛሬ በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡት ሁሉ በሰው እጅ ተራብተው የመጡ ናቸው። ጠባያቸው ግን ያው የበረሃው ነው። እያንዳንዱ የራሱን ጉቶ ወይም ድንጋይ ይዞ ብቻውን ይሞቃል፣ ብቻውን ያድናል። ሌላ ሲመጣበት ጺሙን ነፍቶ ያጠቁራል፣ ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አገር ቤት በድንጋይ አጥር ላይ ሆኖ ራሱን የሚነቀንቀውን ገበሎ የምታስታውሱ ከሆነ፣ ዘመዳሞች ናቸው፤ ነገሩም ተመሳሳይ ነው፤ «ይህ ቦታ የኔ ነው» ማለቱ ነው።

እና ያ «ቻው» የሚለው እጅ? የደካማው ምልክት ነው። «አትንካኝ፣ አልጣላህም» እንደማለት ነው። ተደራርበው መተኛታቸውም መተቃቀፍ አይደለም። ከላይ ያለው ሙቀቱንና ብርሃኑን ወስዶ የታችኛውን ይጋርደዋል። ይህን ስሰማ ለእህቶቼ የላክኳቸው ፎቶዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ። ልጄን አስለቅሶ ያሳደረውም ይኸው ነበር፤ «ለሁለት ወር እርዳኝ ሲለኝ ቻው እያልኩት ነበር» አለ።

ሁለት ወንድ አብረው ከዋሉ ይዋጋሉ፤ ጠቡ እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። ወንድና ሴት ከሆኑ ወንዱ አያስቀምጣትም፤ በላይ በላዩ እንቁላል እየጣለች ካልሲየሟ ያልቃል። ሁለት ሴቶች ይሻላሉ ቢባልም አንዷ ሌላዋን ቀስ በቀስ፣ ያለ ደምና ያለ ጩኸት ታመነምናታለች። ይሄኛው ለቤተሰብ ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አይታይም። ደግሞም ግልገል ሳሉ ፆታቸውን ለይቶ መግዛት ለሻጩም አስቸጋሪ ነው። እንዲያውም ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት እንቁላሉ ከፍ ባለ ሙቀት ከተቀፈቀፈ በዘር ወንድ የነበረው ሴት ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

«ታዲያ ትልቅ ሣጥን ገዝተን አብረን ብናኖራቸውስ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ብዙ ወላጅ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሰፊ ግቢ ያላቸው ልምድ ያካበቱ አርቢዎች አብረው የሚያቆዩበት ጊዜ አለ፤ ሳሎን ውስጥ ግን ሣጥኑ የቱንም ያህል ቢሰፋ የሚወደደው የሙቀት ቦታ አንድ ነው፤ ደካማው የሚሸሽበትም የለውም። ብቸኝነት ብለን የምናዝንለት የእኛ ስሜት እንጂ የእሱ አይደለም። ሁለት ከፈለጋችሁ ሁለት ቤት፣ ሁለት መብራት፣ ሁለት ሂሳብ ነው። ሣጥኖቹን ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁም በመካከል ካርቶን ወይም ሰሌዳ አድርጉ፤ መተያየቱ ራሱ ያስጨንቃቸዋል።

ምን ዓይነት ቤት?

ያ የገዛነው 75 ሊትር ሣጥን ለአንድ ግልገል እንኳ ለጥቂት ወራት የሚሆን ነው። አድጎ ሲጨርስ እንሽላሊቱ ከነጅራቱ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ለአንድ ጎልማሳ ዛሬ የሚመከረው ቢያንስ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድና 60 ከፍታ ያለው ነው። ትንሽ ገዝቶ ቆይቶ መቀየር ገንዘብ መድፋት ነው፤ እኛ ደፍተናል።

መስታወት ለዓይን ያምራል፣ ለማጽዳትም ይቀላል። ግን ከባድ ነው፣ ሙቀትም ያባክናል፤ አንዳንዱ እንሽላሊት ደግሞ የራሱን ምስል እያየ ቀኑን ሙሉ መስታወቱን ሲቧጥር ይውላል። እንጨት ሙቀት ይይዛል፤ ለሜሪላንድ ክረምት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መጋጠሚያዎቹ በደንብ ካልተደፈኑ እርጥበት ይገባውና ይበሰብሳል። እኛ በመጨረሻ የመረጥነው የፒቪሲ ሣጥን ነው። ቀላል ነው፣ ሙቀት ይይዛል፣ በሳሙናና በውኃ ይጸዳል፤ ተከራይተው ከቤት ቤት ለሚዘዋወሩ ይመቻል። ከምንም በላይ በሩ ከፊት እንዲከፈት ተመልከቱ። ከላይ የሚገባ እጅ ለእንሽላሊት እንደ ጭልፊት ነው፤ ልጄ ለወራት «ለምን ይፈራኛል?» ያለው በዚህ ምክንያት ነበር።

ከሣጥኑ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መብራቱ ላይ ነው። አንደኛው ጫፍ ላይ የሚሞቅበት ድንጋይ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከ24 እስከ 29 መሆን አለበት፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ማለት ነው። ሣጥኑ አጭር ከሆነ ይህ ልዩነት ፈጽሞ አይገኝም። ከሙቀቱ ሌላ ረጅም የዩቪቢ መብራት ያስፈልገዋል። ይህ ብርሃን ከሌለ የሚበላው ካልሲየም አጥንቱ ውስጥ አይገባም። በመስኮት በኩል የሚገባ ፀሐይ ይህን አይተካም፤ መስታወት ዩቪቢ አያሳልፍም። እንዲያውም የመስታወት ሣጥን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ እንስሳውን መቀቀል ነው። አምፖሉ እየበራም ኃይሉ ይደክማልና በአምራቹ መመሪያ መሠረት፣ ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ፣ ይቀየራል። ማታ ማታ ሁሉም ይጠፋል። ሻጮች የሚያግባቡበት ቀይ መብራትና በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ድንጋይ አያስፈልግም፤ ድንጋዩ ሆዱን ያቃጥለዋል።

ወለሉ ላይ ለግልገል ወረቀት ወይም ሸካራ ታይልስ በቂ ነው። አሸዋውን ተዉት፤ ከምግብ ጋር ሊውጠውና አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል።

ጎመኑ፣ በረሮውና እጃችን

ምግቡ ላይ ሐበሻ ቤት ዕድለኛ ነው። ለወጥ የምንገዛው ኮላርድ የሚባለው ጎመን ከሚመከሩለት ቅጠሎች ዋነኛው ነው፤ ጥሬውን፣ ያለ ጨውና ያለ ዘይት፣ በደቃቁ ተከትፎ። ቆስጣ ግን ካልሲየሙን ስለሚይዝበት የዘወትር ምግብ አይሁን፤ አቮካዶ ከነጭራሹ አይሰጠው። ግልገሉ ከቅጠል ይልቅ ነፍሳት ይፈልጋል። «በረሮ በገንዘብ ተገዛ!» ብለው አማቴ ለአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ደውለው ተናግረዋል። ልጆች ከሜዳ ነፍሳት ይዘው እንዳይሰጡት ግን አደራ። በሰመር ምሽት ብልጭ ድርግም የምትለው ጥንዚዛ አንዷ ብቻ ልትገድለው ትችላለች።

ለሰውም የሚያሰጋ አንድ ነገር አለ። ጤነኛ የሚመስል እንሽላሊት ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑና የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች ተሳቢ እንስሳት አይመክርም። ስለዚህ ቤታችን ሕግ አለ። ከነካን በኋላ እጅ በሳሙና፤ መሳም ክልክል፤ ሳህኑም ገላውም በወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አይታጠብም። አማቴ ከነጭራሹ አይነኩትም፤ ወንበራቸውም ራቅ ብሏል። ሕፃን ልጅ ያለው ጓደኛችን ምክር ሲጠይቀኝ «ሁለት ሦስት ዓመት ጠብቁ» ብዬዋለሁ። ቢርድድ ድራገን በደንብ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ስለሚኖር፣ ልጁ ሲያድግ በረሮ የሚመግቡት ወላጆች እንደሚሆኑም አብሬ ነግሬዋለሁ።

ትንሹ አሁን ሌላ ክፍል ውስጥ የራሱ ሣጥን አለው። በተለየ በሦስተኛው ቀን ያለ ማንም ከልካይ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ጠፍጥፎ ተኛ። ካልሲየምና መብራቱ መንጋጋውን አጠንክረውለታል፤ የተቆረጠው ጅራት ግን እንደ ሌሎች እንሽላሊቶች አይበቅልም፣ እንደዚያው ይኖራል። እጁን ማወዛወዙንም ትቷል። ልጄ በየእሑዱ ሁለቱንም ይመዝናል፤ ያለፈው እሑድ ትንሹ 305 ግራም ገብቶ ነበር። አማቴ ቅዳሜ ጎመን ሲቀነጥሱ ጨው ሳይነካው ለሁለት ሳህን ያነሱላቸዋል፤ «የዚያኛውን እንዳትቀንሺበት» ይሉኛል፣ ሁልጊዜ።