ውጅግራ፤ የክፉ ቀን ጠመንጃ

ከሮቤ ተነሥቶ የስንዴውንና የገብሱን ሜዳ እያቋረጠ ወደ ጊኒር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በባሌዋ ጎሮ ከተማ፣ በአያቴ ቤት ምሰሶ አንድ ረጅም ጠመንጃ በጠፍር ማንገቻው ተሰቅሎ ይኖር ነበር፤ እኛ ልጆች ግን አጥብቀን የምናውቀው ከማየት በቀር እንዳንነካው የተከለከልነውን ያን ጠመንጃ ሳይሆን፣ ሴት አያታችን መርፌያቸውን የሚያኖሩበትን፣ አፉንም በባዘቶ የሚወትፉትን አንድ ባዶ ቀለህ ነበር። ቀለሁ ከናስ የተሠራ፣ እንደ ሰው ጣት የወፈረ፣ ከሌባ ጣት ጥቂት ያጠረ ሲሆን፣ ከግርጌው ከንፈሩ ወጣ ብሎ ዙሪያውን ይከበዋል፤ በመካከሉም አንድ ቀን ጥይቱ ሲተኮስ የመታው መርፌ ያሰረጎደው ምልክት ይታያል። አያቴ ጠመንጃውን ከአባታቸው ወርሰውት ነበርና፣ አባታቸው ከሌላው ሁሉ ውጅግራን ስለ ምን እንደ መረጡ ሲጠየቁ፣ «ጥይቱ አይጠፋም ብሎ ነዋ!» ከማለት በቀር ሌላ ሐተታ አያበዙም ነበር።

ብዙ ዘመን ቆይቼ ስመረምረው፣ ዋጋው ከአቅም የማያልፍ፣ በጭንቅ ቀንም የማይከዳ ጠመንጃ ለመምረጥ ሰዎች ከሚያወጡት መስፈርት ሁሉ የሚበልጠው በዚያ አጭር መልስ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ጥይት ግን ዕድሜ ልክ ይፈለጋል፤ ስለዚህ ለክፉ ቀን የሚሆነው መሣሪያ የሚታወቀው ከአፈሙዙ ማማር ወይም ከአተኳኰሱ ፍጥነት አይደለም፤ ጥይቱ ከቤት እስከ ገበያ ባለው ርቀት የሚገኝ በመሆኑና ሲበላሽም በመንደሩ ባለ እጅ የሚጠገን በመሆኑ ነው እንጂ።

ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ በአገራችን አንደበት ተለዝቦ የወጣ ነው፤ «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን፣ «ግራ» መሣሪያውን የፈለሰፈው የፈረንሳይ መኰንን የባዚል ግራ ስም ነው። የፈረንሳይ ሠራዊት ቀድሞ ይይዘው የነበረው ሻስፖ የተባለው ጠመንጃ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ በመሆኑ በእርጥበት ይበላሽ፣ በእጅም ይፈርስ ስለ ነበረ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. በናስ ቀለህ የሚሠራው የግራ ጠመንጃ ተተካ፤ ነገር ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚጐርሰው ለበን ሲወጣ፣ ፈረንሳይ ውጅግራዎቿን አሮጌ ብላ ከሠራዊቷ እጅ ታወጣቸው ጀመር። ለፓሪስ አሮጌ የሆነው ለሸዋና ለሐረር አዲስ ነበርና፣ ነጋዴዎች በርካሽ እየገዙ በመርከብ ወደ ኦቦክ፣ ወደ ታጁራና ወደ ጅቡቲ ያወርዱት፣ ከዚያም በግመል ጭነው ወደ ደጋው ያወጡት ጀመር።

ይህ የንዋየ ሐቅል ንግድ የተጀመረው ግን በውጅግራ አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ግብጾችን በጉንደትና በጉራዕ ድል ባደረጉ ጊዜ ብዙ ረምንግቶን ጠመንጃ ማረኩ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ገና ንጉሠ ሸዋ ሳሉ ከአውሮፓ ነጋዴዎች የሚገኘውን ሁሉ ይገዙ ነበር። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ እንኳ ሁለት ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎችን ከታጁራ በግመል አስጭኖ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ገባና፣ በንግዱ ሳይጠቀም ተመለሰ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1890 በብራስልስ የተፈረመው ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን የጦር መሣሪያ ለመገደብ ቢሞክርም፣ የጅቡቲ በር ስላልተዘጋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተራሮች ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት በአብዛኛው ዘመናዊ ጠመንጃ የታጠቀ ነበር፤ ከእነዚያም መካከል በብዛቱ ከሚጠቀሱት አንዱ ይኸው ውጅግራ ነው።

የውጅግራ አሠራር እንደ ቤት ቁልፍ ቀላል ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ጥቂት የሚያልፍ ሲሆን፣ የአፈሙዙ ውስጥ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። ተኳሹ የመቀርቀሪያውን እጀታ ወደ ላይ ያነሣና ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ያን ጊዜ የተተኮሰው ቀለህ ከጉረሮው ይወጣል፤ አንድ ጥይት በእጁ ያጐርሰዋል፤ መቀርቀሪያውን ወደ ፊት ገፍቶ እጀታውን ወደ ቀኝ ሲያጋድመው በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማለምና ቃታ መሳብ ብቻ ነው። ጥይት የሚደረደርበት ካዝና የለውም፤ በአንድ ጊዜ የሚጐርሰውም አንዲት ጥይት ብቻ ናት። ይህ ጕድለት ቢመስልም በሌላ አንጻር ጸጋ ነበር፤ የሚያነክስ ካዝና፣ የሚደክም የካዝና ሞላ፣ የሚጠፋ ትንንሽ ብልት ስለሌለው፣ መቀርቀሪያውን ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ ቅቤ ወይም ሞራ ቀብቶ መልሶ ለመግጠም ከባለቤቱ በቀር ሌላ ሊቅ አያስፈልገውም ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስጢር ግን በቀለሁ ውስጥ ነበር። የውጅግራ ጥይት 25 ግራም ያህል የሚመዝን ልብስ የሌለው እርሳስ በጥቁር ባሩድ ኃይል የሚወረውር ስለ ነበረ፣ የወደቀው ቀለህ ከሣር ውስጥ ተፈልጎ ይነሣል እንጂ አይጣልም፤ ባለ እጁ እርሳሱን አቅልጦ በቅርጹ ያፈሰዋል፤ ባሩዱም በአገር ቤት ይቀመማል፤ ቀለሁ በአዲስ መለኰሻና ባሩድ ተሞልቶ እንደ ገና ወደ ዝናሩ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ጥይት በገበያ ላይ ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ከጠገራ ብር በታች ላለ ሸቀጥ ሁሉ ገዢው ከዝናሩ ጥይት እየመዘዘ ይከፍላል፤ ሻጩም ቀለሁን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ፣ እርሳሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ ደኅና መሆኑን ሲያረጋግጥ ይቀበላል። ገንዘብ የሆነ ጥይት ከገበያ የማይጠፋበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የቅድመ አያቴ ምርጫም በዚህ ላይ የቆመ ነበር።

እውነቱን ለመመስከር ግን ነውሩም መነገር አለበት። ጥቁር ባሩድ በተተኮሰ ጊዜ ነጭ ጢስ እንደ ጉም ይነሣልና ተኳሹ ያለበትን ቦታ ለጠላቱ ይጠቁማል፤ ጭቃ የመሰለ ጥላሸቱም በአፈሙዙ ውስጥ ስለሚጋገር በፈላ ውሃ ካልታጠበ ብረቱን ይበላዋል፤ እርሳሱም ከባድና ዝግተኛ በመሆኑ ከሩቅ ለሚያልም ሰው እጅግ ይወርድበታል። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. በአውሮፕላንና በመትረየስ በመጣች ጊዜ፣ ብዙው የአገሬው ዘማች ከአያቱ የወረሰውን ውጅግራ ጥቂት ጥይት ቋጥሮ ይዞ ሲሰለፍ፣ ቀድሞ ጸጋ የነበረው ሁሉ መከራ ሆነበት። የባሌ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች በየነ መርዕድም ሠራዊታቸውን መርተው በደቡብ ግንባር ከተዋጉ በኋላ፣ የካቲት 1929 ዓ.ም. ተማርከው ተገደሉ።

ስለ ጠመንጃ በባሌ ምድር የሚጽፍ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ሊያልፈው የማይገባው ነገር አለ። በ1870ዎቹ ዓመታት የራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ሠራዊት አርሲን ሲያስገብር፣ ቀጥሎም ባሌ በተያዘ ጊዜ፣ በአንድ ወገን ጠመንጃ፣ በሌላው ወገን ፈረስና ጦር ነበረ፤ «ነፍጠኛ» የሚለው ቃልም ነፍጥ ከያዘው ወታደር ተነሥቶ፣ ገባርና መሬት የተሰጠውን ሹምና ሰፋሪ ሁሉ የሚያመለክት ሆነ። ከዚያም ዘመን ተገላብጦ፣ በመሬት፣ በግብርና በአስተዳደር በደል ምክንያት በ1955 ዓ.ም. ግድም በባሌ ዐመፅ ተነሣ፤ ዋቆ ጉቱን ከመሪዎቹ አንዱ ያደረገው ያ ተጋድሎ እስከ 1962 ዓ.ም. ቆየ፤ የአገሩ ሰውም ያን ጦርነት ዛሬ ድረስ «ዶምቢር» ብሎ ይጠራዋል፤ ዶምቢር ተዋጊዎቹ ይዘውት የነበረው የጠመንጃ ስም ነው። ጦርነት በቦታ ወይም በሰው ስም መጠራቱ የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ በጠመንጃ ስም መጠራቱ መሣሪያው በዚያ ሕዝብ ኅሊና ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደ ያዘ ምስክር ነው፤ ላንዱ የቤቱ ጠባቂ የነበረው ነገር ለሌላው የመገፋቱ ትእምርት ነበርና፣ ሁለቱም ጠመንጃ የሚያነሡት ክፉ ቀን መጣ ብለው ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው የምርጫ ሕግ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ቀድሞ የተባለው የጥይቱ መገኘት ነው፤ ዛሬ በአገራችን ገጠር ስሙ የሚነሣው ክላሽንኮቭ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1947 ከተሠራ ጀምሮ ዓለምን የሞላው፣ ብልቱ ጥቂትና ልል ሆኖ አቧራና ጭቃ የማይበግረው በመሆኑ፣ ጥይቱም በየአገሩ ስለሚሠራ ነው፤ የመስፈርቱ ነገር ግን ቅድመ አያቴ ካወቁት አይለይም። ሁለተኛው የአሠራሩ ቀላልነት ነው፤ ባለቤቱ በጨለማ ፈትቶ ሊገጥመው የማይችለው መሣሪያ በጭንቅ ቀን ሸክም ይሆንበታል። ሦስተኛው የባለቤቱ ጠባይ ነው፤ ክብደቱን ያልለመደው፣ ከጠመንጃው ጀርባና ከዒላማው ወዲያ ማን እንዳለ የማያስተውል ሰው፣ መሣሪያው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ እርሱ ራሱ የማይታመን ነው። በጎሮ ቆላማ ዳርቻ ከርከሮና ጅብ ከሰብልና ከከብት ለማባረር እንኳ አባቶች ተኵስን የመጨረሻ ያደርጉት ነበር እንጂ የመጀመሪያ አያደርጉትም ነበር።

በዘመናችን ከሦስቱ አስቀድሞ የሚመጣ አራተኛ ነገር ተጨምሯል፤ እርሱም ሕግ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላልና፣ ርካሽ ነው ተብሎ በስውር የተገዛ ጠመንጃ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ውድ ዋጋ ያስከፍላል፤ በፈቃድ የተያዘውም ቢሆን ጥይቱ ለብቻ፣ ጠመንጃው ለብቻ ተቈልፎ፣ ልጅ ከማይደርስበት ሊቀመጥ ይገባዋል። አያቴ ጥይቱን ከሳጥን ውስጥ ቈልፈው ጠመንጃውን ባዶውን ከምሰሶ ላይ የሰቀሉት በደንብ ተገደው አልነበረም፤ ጥንቃቄ የባለ መሣሪያ ሰው ክብር መሆኑን ስለሚያውቁ ነበር።

የዚያ ጠመንጃ ፍጻሜም እንደ አመራረጡ በጥይቱ ሆነ። የጥይቱን ባሩድ የሚቀምም ሰው አረጀ፣ እርሳሱን የሚያፈሰው ባለ እጅ ሞተ፣ የውጅግራ ጥይትም ከገበያ ጨርሶ ጠፋ፤ አንድ ቀን በሳጥኑ ውስጥ የቀረው ያ አንድ ባዶ ቀለህ ብቻ መሆኑ ታወቀና፣ ሴት አያቴ አንሥተው መርፌያቸውን ጨመሩበት። እንግዲህ በጎሮም፣ በጎባም፣ በየትኛውም ቀዬ በቤታችሁ እንዲህ ያለ አሮጌ መሣሪያ ያላችሁ ወገኖች፣ ከሕግ ፊት አቅርባችሁ አስመዝግቡት፤ ማን እንደ ገዛው፣ ማን እንደ ወረሰው፣ በየትኛው ቀን እንደ ተተኰሰና በማን ላይ እንደ ተተኰሰም የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ አስፍሩት።