ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶሞቢል ለሚገዛ ወጣት

ሥራ ይዞ ጥቂት ዓመት የቆየ ወጣት ገንዘብ ቆጥቦ ሊገዛ ከሚያስባቸው ነገሮች መካከል አውቶሞቢል የመጀመሪያውን ስፍራ ሳይዝ አይቀርም። ማለዳ በታክሲ ሰልፍ መቆም፣ ማታም በዝናብ አውቶቡስ መጠበቅ ያሰለቸው ሰው ይህን ቢመኝ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ ከዚህ ምኞት ጋራ ሌላ ምኞት ተዳብሎ ይታያል። ይኸውም በሥራ ቀን ወደ መሥሪያ ቤት የሚያመላልስ፣ በዕረፍት ቀን ደግሞ «ድሪፍት» የሚባለውን፣ መኪናን በኩርባ ላይ ሆን ብሎ እያንሸራተቱ የመንዳትን ጨዋታ ለመማር የሚያገለግል አንድ መኪና በአንድ ዋጋ ለማግኘት መፈለግ ነው። «ለሁለቱም የሚሆን፣ ዋጋውም የሚቻል የትኛው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ዛሬም በዚሁ ጥያቄ ላይ የሚመስለንን እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ጥያቄው መሠረት የሌለው አለመሆኑን መናገር ይገባል። ድሪፍት ያደገው በጃፓን አገር ነው፤ ያሳደጉትም ባለጠጎች ብቻ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ኩኒሚትሱ ታካሃሺ የተባለው የእሽቅድድም ነጂ መኪናውን እያንሸራተተ ኩርባውን ሲያልፍ ተመልካቹ ይደነቅ ነበር። ከተመልካቾቹም አንዱ ኬይቺ ጹቺያ ይህን አነዳድ በተራራ መንገዶች ላይ ተለማምዶ ስሙን አስጠራበት። የጹቺያ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተሠራችው ቶዮታ ኤ.ኢ. 86 ነበረች። በዚያ ጊዜ አብዛኞቹ ኮሮላዎች በፊት ጎማ ወደሚጎተት አሠራር ሲለወጡ ይህች በኋላ ጎማ የምትገፋ ሆና ቀረች። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ክብደቷም ከአንድ ቶን ያነሰ ነበር። ያገለገለችዋ በርካሽ ትገኝ ስለ ነበር ኪሳቸው የሳሳ ወጣቶች ገዟት። ስሟ ከገነነ በኋላ ግን ዋጋዋ ስለ ናረ የዛሬው የጃፓን ወጣት እንኳ እንደ ቀድሞው በቀላሉ አያገኛትም። ጨዋታውም ራሱ ከተራራው መንገድ ወጥቶ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ «ዲ ዋን ግራን ፕሪ» በተባለው ውድድር በተከለለ የእሽቅድድም ሜዳ ላይ የሚካሄድ ሆኗል።

እንግዲህ የኋላ ጎማ ይህን ያህል የሚፈለግበት ምክንያት ምንድን ነው? ጎማ መሬትን የመያዝ ኃይሉ የተወሰነ ነው፤ ያንኑም ለመታጠፍ፣ ለመፍጠንና ለመቆም ያካፍለዋል። ነጂው በመታጠፊያ ላይ ሳለ ነዳጅ ቢያበዛ ሞተሩ የሚያሽከረክረው ጎማ ለመታጠፍ የሚሆን ኃይል ያልቅበትና ይንሸራተታል። ይህ ጎማ የኋላው የሆነ እንደ ሆነ የመኪናው ጅራት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ነጂውም መሪውን ጅራቱ ወደ ሄደበት ወገን እያዞረ፣ ነዳጁንም እየመጠነ ሚዛኑን ይጠብቃል። ድሪፍት ማለት ይኸው ነው። የፊተኛው የሆነ እንደ ሆነ ግን መኪናው ለመሪው አልታዘዝ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል። የእጅ ፍሬን ስቦ ጅራቱን ለአፍታ ማስወጣት ይቻል ይሆናል፤ መንሸራተቱን በነዳጅ ማቆየት ግን አይቻልም።

ወደ አገራችን ገበያ ስንመለስ፣ በአነስተኛ ገንዘብ መኪና የሚፈልግ ወጣት ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፍባት ቶዮታ ቪትዝ በፊት ጎማ የምትሄድ ናት። በኋላ ጎማ ከሚሄዱት ውስጥ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለው ባለ አራት ማዕዘኑ ላዳና እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ ይገኛሉ። ኮሮላ ሁሉ ግን አንድ ስላልሆነ፣ ገዢው ጎንበስ ብሎ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የተዘረጋውን ዘንግ ማየት አለበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ የነዳጅ መኪና የሚፈልግ ሰው በብዛት የሚመርጠው ቀድሞ ከገቡት ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪውን ጤና ያስመርምር፤ ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ውዱ እርሱ ነውና።

አሁን ሒሳቡን እንይ። ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ 15 ኪሎ ሜትር የራቀ ሰው በቀን 30፣ በወር 22 የሥራ ቀን ቢመላለስ 660 ኪሎ ሜትር ይነዳል። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የሚጠጣ ቢሆን በወር 46 ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ 12 ሊትር የሚጠጣ አሮጌ መኪና ቢሆን ግን ወደ 79 ሊትር ይደርሳል። የአንድ ዓመቱ ልዩነት 400 ሊትር ገደማ ነው። በዚህ ላይ መድን፣ የዓመት ምርመራ፣ ጎማና መለዋወጫ ይጨመራል። ሞተሩም ከመጠን በላይ ያነሰ አይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ባለ 1 ሊትሯ መኪና አራት ሰው ጭና የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ የምታቃስተው ስለዚህ ነው።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ደላላው ቢያቻኩለውም አይቸኩል፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና። የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ይሂድ። ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሣ፤ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ ዘይት ያቃጥላል ማለት ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ቢገኝ ውሃ ገብቶበታል። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋራ ይመሳከር፤ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበትም ሳይረጋገጥ ገንዘብ አይከፈል።

ይህን ሁሉ ያሟላ መኪና ለድሪፍትም ይሁን ቢባል ችግሩ ወዲያው ይመጣል። ዲፈረንሲያል የሚባለው ክፍል በመታጠፊያ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጡ ፈጥኖ እንዲዞር ያደርጋል። በድሪፍት ጊዜ ግን ይህ አሠራር ጉልበቱ ጭነት በቀለለው ጎማ በኩል በከንቱ እንዲያልቅ ስለሚያደርግ፣ ገንዘብ ያነሳቸው ጀማሪዎች ጥርሶቹን በብየዳ ያጣብቋቸዋል። ዲፈረንሲያሉ የተበየደ መኪና በጠባብ ስፍራ ሲታጠፍ ጎማው እየተጎተተ ይጮኻል፤ ቶሎም ያልቃል፤ በዝናብ ጊዜም ጅራቱ ሳይታሰብ ይሸሻል። እሑድ የረገበ ፍሪሲዮንም ሰኞ ማለዳ ዳገት ላይ ያስቀራል። በአንጻሩ በዘመኑ መኪኖች ላይ የሚገኘው መንሸራተትን የሚከላከል መሣሪያ ለድሪፍት እንቅፋት ቢሆንም፣ በዘወትር መንገድ ግን የነጂውን ሕይወት የሚጠብቅ ነው። አንዱ ሥራ መኪናው እንዳይንሸራተት ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ እንዲንሸራተት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። የመጀመሪያው መኪና ለሥራ ይመረጥ፤ ነዳጅ የሚቆጥብ፣ መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኝ፣ ፍሬኑ የታመነ ይሁን። ድሪፍት ለመማር የሚሻም ከሦስትና ከአራት ጓደኞቹ ጋራ እንደ ዕቁብ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ቢቧጨር የማያስለቅስ አንድ አሮጌ የኋላ ጎማ መኪና ቢገዛ ይሻለዋል። ባለቤቱ የፈቀደው፣ የተከለለና ሰው የማይገባበት ሰፊ ሜዳ ይፈለግ፤ የሚያውቅ አስተማሪም ይኑር። መሬቱን ማርጠብ ጎማ ያተርፋል፤ መኪናውም በትንሽ ፍጥነት እንዲንሸራተት ያደርጋል። ትምህርቱ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይጀመር። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ በኃይል መቆም፣ ቀጥሎ በአንድ ምልክት ዙሪያ ክብ መንዳት፣ ከዚያም ጅራቱ ሲሸሽ መሪውን መመለስ ይለመድ። ዓይን ሊሄዱበት ወደሚፈልጉት ስፍራ እንጂ ወደሚፈሩት ግንብ አይመልከት።

ይህ ትምህርት ለጨዋታ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በክረምት አስፋልት ላይ መኪናው ከእጁ ሲያመልጥ የማይደነግጥ፣ መሪውንም በለሆሳስ የሚመልስ ነጂ ከዚህ ሊገኝ ይችላል። በሕዝብ መንገድ ላይ የሚደረገው ግን ትምህርት አይባልም። የመኪና የግጭት ኃይል ከፍጥነቱ ጋራ እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ ከ30 ወደ 60 ሲያድግ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ በ2021 በመንገድ አደጋ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉትም ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው እንደ ሆነ አስታውቋል። ከሟቾቹ ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌተኞች ናቸው። በከተማችንም ሌሊት መንገዱ ባዶ ይመስላል እንጂ የሌሊት ዘበኛው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚማልደው ምእመን፣ መንገድ የምትጠርገው ሴት አሉ።

ወጣትነት ፍጥነትን ቢወድ አንፈርድበትም፤ ድሪፍትን መማር የሚፈልገውንም አንከለክልም። የምንለው ለሥራው የሚሆነውን መኪና በሒሳብ፣ ለጨዋታው የሚሆነውን ሜዳ በፈቃድ ይምረጥ ነው። በእርግጥ ብልህ ነጂ መሆኑ የሚታወቀው በጎማው ጭስ ብዛት አይደለም፤ እርሱ በሚነዳበት መንገድ ላይ እናት ልጇን ያለ ስጋት ማሻገር ስትችል ነው።