የጎጡ ውሃ ዐቃብያን

ከሐሙሲት ተነሥቶ ወደ እስቴ የሚያወጣውን መንገድ የያዘ መንገደኛ የሚያገኛት አንበሳሜ፣ በምዕራብ ከጣና በደቡብም ከዓባይ ጋር የሚጎራበተው የደራ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት፤ ነገር ግን በሁለት ታላላቅ ውሆች አጠገብ መኖር የሚጠጣ ውሃ ማግኘት አይደለምና፣ የገጠሩ ሰው ጥሙን የሚያስታግሠው ከምንጭ፣ ከእጅ ጉድጓድና ከቦኖ ነው። እነዚህንም በየጎጡ የሚጠብቅ፣ የውሃ ኮሚቴ፣ በመሥሪያ ቤት አጠራር ዋሽኮ፣ የሚሰኝ አነስተኛ ጉባኤ አለ፤ ኮሚቴ የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ስብሰባ ቆጥሮ የደከመ ቢሆንም፣ በዚህ ስፍራ እውነተኛ ሥራ አግኝቷል።

ቀድሞ ልማዱ ሌላ ነበር። መሥሪያ ቤት ወይም የውጭ ረጂ ጉድጓዱን ያስቆፍራል፣ ፓምፑን ይገዛል፣ በመጨረሻም ለሕዝቡ ያስረክባል፤ ሕዝቡም ስሚንቶው በስንት እንደ ተገዛ፣ ለቆፋሪው ስንት እንደ ተከፈለ ሳይሰማ ስለሚቀር፣ ሥራው ሲበላሽ «የመንግሥት ውሃ ተሰበረ» ብሎ ወደ ወንዙ ይመለስ ነበር። በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ስምምነት፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1994፣ በአማራ ክልል የተጀመረው የገጠር ውሃና አካባቢ ፕሮግራም ይህን ሥርዓት የገለበጠው በ2003 የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ የተሰኘውን አሠራር ባወጣ ጊዜ ነው፤ በዚህም ገንዘቡ በአብቁተ፣ ማለት በያኔው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል፣ ለኮሚቴው ይደርስ ጀመር፣ ዕቃ የሚገዛውም ግንበኛ የሚዋዋለውም ኮሚቴው ራሱ ሆነ፣ ተከታዩም ክፍያ የሚለቀቀው የቀደመው ሲወራረድ ነበር። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት አሠራሩ ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻገረ። ነገሩ ለደብር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሙዳየ ምጽዋት በምስክር ፊት እንደሚከፈት ሁሉ፣ የውሃውም ገንዘብ በአንድ ሰው ፊርማ ብቻ አይወጣም። በስሚንቶ ዋጋ የተከራከረ ገበሬ አሸዋ የበዛበት ልስን ሲያይ ዝም አይልም፤ ከሩቅ ከሚላክ ተቆጣጣሪ ይልቅ እኔ የምታመነው በእርሱ ዓይን ነው።

ከግንባታው በኋላ የሚመጣው ጥበቃ ግን ረጅምና ስውር ነው። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ በ1980ዎቹ በማላዊና በኬንያ ሲፈለሰፍ መንደርተኛው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው፤ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ውሃ ይስባል፣ በአንዲት መፍቻ ይፈታል፣ ዘንጎቹም ቧንቧው ሳይነሣ ይወጣሉ። የመሣሪያውን ሕመም ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት ሴቶች ናቸው፤ ምክንያቱም ሌሊቱን ያረፈ ፓምፕ ማለዳ ውሃ እስኪሰጥ ድረስ እጀታው ብዙ ጊዜ መመላለስ ካስፈለገው፣ ብዙውን ጊዜ የታችኛው ቫልቭ ውሃ እያፈሰሰ ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከቀድሞው ዘግይቶ የሚሞላ እንደ ሆነ ደግሞ የመሳቢያው ላስቲክ አልቆ ይሆናል። ይህን የሚቆጥር ክንድ ከደጅ ቆሞ ወንዶች ብቻ የሚጽፉት ቃለ ጉባኤ፣ ሐሰት ባይሆን ጎዶሎ ነው።

ዓይንና ክንድ ግን የማይደርሱበት ነገር አለ። አጥሩ የፈረሰ፣ የስሚንቶው ወለል የተሰነጠቀ፣ ፍሳሹ በጉድጓዱ ዙሪያ የረጋ፣ መጸዳጃ ቤትም ከላይ በኩል የተቆፈረ እንደ ሆነ፣ ኮሚቴው ዞሮ አይቶ ይመዘግባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚሁ ያዘጋጀው መጠይቅም መልሱ አዎን ወይም አይደለም ብቻ ነውና አያስቸግርም። ነገር ግን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ እንኳ ሊገኝ የማይገባው፣ ኢ ኮላይ የተባለው ረቂቅ ተሕዋስ፣ ኩልል ባለ ውሃም ውስጥ ይኖራል። በ1982 ሕንዳውያን ሊቃውንት ያቀረቡት ቀላል መመርመሪያ፣ ኢ ኮላይን ራሱን ለይቶ ባያሳይም፣ እንዲህ ያለውን ስውር ርኩሰት ለዓይን ይገልጣል፤ መድኃኒት የጠጣ ወረቀት ባለበት ጠርሙስ ውሃው ተጨምሮ አንድ ሁለት ቀን ሲቆይ፣ የዓይነ ምድር ርኩሰት ካለበት ብዙውን ጊዜ ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ጠርሙስ በገንዘብ ያዧ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አንድ ማለዳ ጠቁሮ ቢገኝ፣ ኮሚቴው ፓምፑን ዘግቶ ሴቶቹን ወደ ባሰው ወንዝ ይስደድ ወይስ ክፍት ይተወው፣ ይህ ቀላል ፍርድ አይደለም። እኔ ብጠየቅ ክፍት ይሁን እላለሁ፤ ነገር ግን ክሎሪን የሚጨምረው ባለሙያ ከአንበሳሜ እስኪመጣ ድረስ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት «አፍልታችሁ ጠጡ» ተብሎ ይነገር።