ቤንኦኒና ብንያም

ራሔል ወደ ኤፍራታ ሲሄዱ በመንገድ ምጥ ጸናባት፤ ነፍሷ ስትወጣ ልጇን ቤንኦኒ አለችው፤ አባቱ ግን ብንያም አለው፤ ዘፍጥረት 35፥18።

ቤን በዕብራይስጥ ልጅ፥ ኦኒ ኀዘኔ ማለት ነው፤ የኀዘኔ ልጅ ስትል ነው። አንድም ኦኒ ኃይሌ ማለት ነው፤ ያዕቆብ በኵሩን ሮቤልን የኃይሉ መጀመሪያ ሲለው ይህንኑ ቃል ተናግሯልና፤ ዘፍጥረት 49፥3። ያሚን ቀኝ ማለት ነው፤ ግእዝም የማን ይለዋል፤ ቀኝ የክብር ወገን ነውና የቀኝ ልጅ አለው።

ያዕቆብ የሟችን ቃል ስለ ምን ለወጠ ቢሉ፥ ሕፃኑ በተጠራ ቍጥር የእናቱን ሞት እንዳይሰማ ነው። ራሔልንስ አልረሳትም፤ በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቁሞላታል። ኀዘኑን በድንጋይ አኖረው እንጂ በልጁ ስም አላኖረውም፤ ስም የሚያወጣ ይህን ያስተውል።